ቢጫው ጠረጴዛ እና ዲላ፦ የሴት ተማሪዎች እኅትማማችነት ከየት ተነሣ? ወዴትስ ይሂድ?

በየዓመቱ የአዲስ ገቢ ተማሪዎች ጥሪ በተለጠፈ ሰሞን የዲላ መናኸሪያ መልኩ ይለወጣል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞያሌ መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘው አውቶቡስ በሩን ሲከፍት ሻንጣ ይወርዳል፣ ብርድ ልብስ ይወርዳል፣ ከዚያ ግራ የተጋቡ ወጣቶች ይወርዳሉ። አንዷ ከጎንደር ናት፣ ሌላዋ ከሐረር፣ ሦስተኛዋ ከወላይታ። ብዙዎቹ ዲላን ያዩዋት ያን ቀን ነው። ያመጣቸው የትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ነው። ጌዴኦኛ አይሰሙም፣ ከተማውን አያውቁም፣ ዘመድ የላቸውም።

እርግጥ መናኸሪያው ላይ ተቀባይ አይጠፋም። በየዩኒቨርሲቲው እንደሚደረገው ነባር ተማሪዎች ወጥተው ይጠብቃሉ። ግቢ ጉባኤው የራሱን ይፈልጋል፣ ፌሎሺፑ የራሱን፣ ጀመዓው የራሱን፣ የአገር ልጅ የአገሩን ልጅ። ሻንጣ ይሸከማሉ፣ ዶርም ያሳያሉ፣ ቡና ይጋብዛሉ። ይህ ሊነቀፍ አይገባም፤ ስንቱን ፍሬሽ ተማሪ ከመደናገር አድኗል።

ጥያቄው ሌላ ነው። አንዲትን ልጅ በሃይማኖቷ ሳይሆን፣ በብሔሯም ሳይሆን፣ ሴት ተማሪ ስለሆነች ብቻ «እኅቴ» ብሎ የሚቀበላት ማን ነው? የንጽሕና መጠበቂያ መግዣ ያጣች ለታ፣ መምህሩ ውጤቷን መያዣ አድርጎ የማይገባ ነገር የጠየቃት ለታ፣ የከተማው ጎረምሳ ከላይብረሪ እስከ ዶርም የተከተላት ለታ፣ የማንን በር ታንኳኳለች?

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። መቶ ዓመት ያለፈው ታሪክ አለው። ታሪኩን ማወቅ የሚጠቅመው ደግሞ ብዙዎች መልስ ሲሰጡ የተሳሳቱበትን ቦታ ስለሚያሳይ ነው።

ሃያ ሁለቱ ሴቶች

በአሜሪካ ኮሌጆች የሴት ተማሪዎች የእኅትማማችነት ማኅበር «ሶሮሪቲ» ይባላል። ቃሉ «እኅት» ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው። ብዙ ሰው ሲሰማው ትዝ የሚለው በፊልም ያየው የግቢ ፈንጠዝያ ነው። ታሪኩ ግን በተለይ በጥቁር ሴቶች ዘንድ ሌላ መልክ አለው።

እ.ኤ.አ. በጥር 1908 ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ሴት ተማሪዎች «አልፋ ካፓ አልፋ» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። የባርነት ሥርዓት ከፈረሰ ገና ግማሽ ምዕተ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። አንዲት ጥቁር ልጅ ኮሌጅ መግባቷ ራሱ እንደ ተአምር ይታያል። አምስት ዓመት ሳይቆይ በማኅበሩ ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሣ። ከአባላቱ መካከል 22ቱ «እኅትማማችነታችን እርስ በርስ ከመረዳዳት አልፎ የአደባባይ ድምፅ ይኑረው» አሉ። ስላልተስማሙ ወጡና እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 1913 «ዴልታ ሲግማ ቴታ»ን አቋቋሙ። ሁለት ወር ሳይሞላቸው፣ መጋቢት 3 ቀን፣ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ በዋሽንግተን በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ላይ ወጡ። የሰልፉ አዘጋጆች ነጮቹን ላለማስቀየም ጥቁር ሴቶች ከኋላ እንዲሰለፉ ይፈልጉ ነበር። ልጆቹ ይህን እያወቁ ሄዱ።

ከዚህ «የቀሩት ፈሪዎች፣ የወጡት ጀግኖች ናቸው» የሚል ፍርድ የሚያወጣ ይሳሳታል። የቀሩት ምን እንደሠሩ ማየት ነው። ከ1935 እስከ 1942 በየክረምቱ የአልፋ ካፓ አልፋ አባላት በሐኪሟ በዶ/ር ዶሮቲ ፈረቢ እየተመሩ ወደ ሚሲሲፒ ግዛት ወረዱ። ዕቅዳቸው በአንድ ቦታ ክሊኒክ ከፍቶ ድሆችን ማከም ነበር። የጥጥ እርሻ ባለቤቶቹ ግን ጭሰኞቻቸው ከእርሻው ወጥተው እንዲታከሙ አልፈቀዱም። ሴቶቹ መድኃኒቱን በራሳቸው መኪና ጭነው ክሊኒኩን እስከ ጥጥ ማሳው ድረስ ወሰዱት። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት ተከተቡ።

ከእኛ ጋር የሚያገናኝ አንድ ክር አለ። ዶ/ር ፈረቢ ባገለገሉበት በዚያው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በዚያው በ1935 ዓመት በሕክምና የተመረቀ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበር፦ መላኩ በያን። ጣሊያን ሊወርር ሲዘጋጅ ወደ አገሩ ተመልሶ ቁስለኞችን አከመ፤ በኋላም ወደ አሜሪካ ሄዶ በ1937 የኢትዮጵያን ወርልድ ፌዴሬሽንን በኒው ዮርክ መሠረተ።

እንግዲህ ጥያቄው ከጅምሩ ይህ ነበር፦ ማገልገል ወይስ መጮኽ? ስንቅ ማቀበል ወይስ መብት መጠየቅ? በኢትዮጵያም ይኸው ጥያቄ ሴቶችን ሲፈትን ኖሯል። የእኛ ፈተና ግን አንድ ተጨማሪ ክፉ ነገር ነበረበት። ማኅበሩን የሚያቋቁመው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ነበር።

ከቤተ መንግሥት እስከ ቀበሌ

የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም.፣ በጦርነቱ ዋዜማ ነው። የበላይ ጠባቂዋ እቴጌ መነን ነበሩ፤ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ዋና አንቀሳቃሽ። ሴቶቹ ለዘመቻው ፋሻ ቆረጡ፣ የጋዝ መከላከያ ጭምብል ሰፉ። ልዕልት ፀሐይ በስደት እንግሊዝ አገር ሳሉ ነርስነት ተምረው ተመረቁ፤ ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ በወጣትነታቸው ዐረፉ። አገልግሎታቸው እውነተኛ ነበር። ማኅበሩ ግን የቤተ መንግሥት ልጅ ነበር፤ በጎ አድራጎት ይሠራል፣ የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት አይጠይቅም።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር ሴት ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ኮሌጁ አድጎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 «ዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ» የሚባል ግዴታ መጣ። ማንኛውም ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል አለበት፤ አብዛኛው በመምህርነት። የአገልግሎት አሳብ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ውስጥ ሥር የሰደደው ያኔ ነው። የከተማ ልጅ ገበሬውን ያወቀው፣ ስለ መሬት ጥያቄ የሰማው በዚያ አንድ ዓመት ነው። ጌዴኦም ቢሆን ያን ዓይነት ጥያቄ ሲያብላላ የቆየ አገር ነው፤ በ1952 ዓ.ም. ሚችሌ ላይ የጌዴኦ ገበሬ በባላባት ላይ ተነሥቶ ብዙ ደም ፈስሷል።

ያ ተራማጅ የተማሪ ትውልድ ግን ለሴቶቹ ምን ነበር? መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ በራስ መኮንን አዳራሽ ሴት ተማሪዎች የፋሽን ትርዒት አዘጋጁ። ወንዶቹ ተማሪዎች «የምዕራባውያን የባህል ወረራ ነው» ብለው አዳራሹን ከበቡ። ስድብና እንቁላል ተወረወረ፣ የተመታም አለ። ፖሊስ ገባ፣ ተማሪ ታሰረ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክ ቀኑ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በመንግሥትና በተማሪ መካከል እንደተደረገ ግጭት ነው። ከሴቶቹ ወገን ሆኖ ለሚያየው ግን ትምህርቱ ሌላ ነው፦ «ለተጨቆነ እንታገላለን» ያለው ወንድም፣ እኅቱ ሳትጠይቀው አንድ ነገር ስታዘጋጅ እንቁላል ይዞ መጣ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ወጣ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ፤ እየሰፋ ሄዶ ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ጌዴኦኛም አንዱ ነበር። ስንት እናት በዚያ ፊደል ቆጥራለች። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር በአዋጅ ተቋቋመ። እስከ ቀበሌ ድረስ የወረደ፣ ብዙ ሚሊዮን አባል የመዘገበ ነበር። ሆኖም የፓርቲው ክንፍ ነበር፤ መዋጮ ይሰበስባል፣ ለሰልፍ ያስወጣል፣ መመሪያ ያወርዳል። ደርግ ሲወድቅ አብሮት ወደቀ።

ቤተ መንግሥት ያቆመው ከቤተ መንግሥቱ ጋር ሄደ። ፓርቲ ያቆመው ከፓርቲው ጋር ሄደ። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ጠበቆቹ

እ.ኤ.አ. በ1995 በራሳቸው ፈቃድ የተሰባሰቡ የሕግ ባለሙያዎች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ አንዷ ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ፤ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት። ማኅበሩ ነጻ የሕግ ምክር ሰጠ፣ ፍርድ ቤት ቆመ። በአርሲ ጠላፊዋን ገድላ የተከሰሰችውን የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ ይዞ ተከራከረ፤ ልጅቷም ነጻ ወጣች። «ድፍረት» የተባለው ፊልም መነሻ ይህ ጉዳይ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ የጋብቻ ዕድሜን 18 አደረገ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠላፊ የጠለፋትን በማግባት ከቅጣት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ዘጋ። በሁለቱም ጀርባ የእነዚህ ሴቶች ጉትጎታ ነበረበት።

ከዚያ አዋጅ ቁጥር 621/2001 መጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በፆታ እኩልነትና በመሳሰሉት ጉዳዮች እንዳይሠራ ከለከለ። የሴት ጠበቆቹ ማኅበር ሒሳቡ ታገደ፣ ሠራተኞቹን ለመቀነስ ተገደደ። የሴቶች መብት ጉዳይ በአገሪቱ ሰው ያጣ መሰለ።

ታሪኩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች ሲዳከሙ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ ብቅ አለች።

ጠረጴዛዋ

በመስከረም 2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ በቀድሞ ባለቤቷ ጥቃት ደርሶባት ሁለት ዓይኖቿን አጣች። ወሬው አገር አናወጠ። ሰው ለጥቂት ሳምንት ተንጫጫ፤ ከዚያ እንደተለመደው ረሳ።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ግን አንዲት ወጣት መምህርትና ተማሪዎቿ አልረሱም። መምህርቷ ብሌን ሳህሉ ናት፤ ከተማሪዎቹ መካከል ሕሊና ብርሃኑና አክሊለ ሰሎሞን ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 «የሎው ሙቭመንት» ብለው የሰየሙትን እንቅስቃሴ ጀመሩ፤ በአማርኛ ቢጫው ንቅናቄ እንበለው። ቢሮ አልነበራቸውም፣ ለጋሽ አልነበራቸውም። የነበራቸው አንድ ጠረጴዛ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። በየሳምንቱ በግቢው ውስጥ ተማሪ በሚያልፍበት ቦታ ጠረጴዛ ያወጣሉ። የዕለቱ ርእስ ይለጠፋል፤ አንድ ሳምንት ስለ ለከፋ፣ ሌላ ሳምንት ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ይሆናል። አላፊ አግዳሚው ይቆማል፣ ያነባል፣ ይከራከራል። «እሷስ ምን ለብሳ ነበር?» የሚለው ወንድ ተማሪ መልሱን ከክፍል ጓደኛው አፍ ይሰማል። በ1960 ዓ.ም. በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሴቶቹ አዳራሽ ውስጥ ሆነው ወንዶቹ ከውጭ ከበቧቸው። በ2004 ዓ.ም. ሴቶቹ ራሳቸው ወደ ውጭ ወጥተው ጠረጴዛ ዘርግተው ጠበቁ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የ44 ዓመት ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው እግራቸው አገልግሎት ነው። ከየአገሩ ተመድበው ከሚመጡ ሴት ተማሪዎች ውስጥ ለንጽሕና መጠበቂያ፣ ለደብተርና ለፎቶ ኮፒ የሚሆን ገንዘብ የሌላቸው ብዙ ናቸው። ልጅቷ በየወሩ ጥቂት ቀን ክፍል ትቀራለች፤ ቀሪ ይያዝባታል፣ ፈተና ያመልጣታል፣ ከዚያ «ሴቶች ውጤት አይመጣላቸውም» ይባላል። የቢጫው ንቅናቄ ልጆች ገንዘቡን ለማግኘት አንድ ብልሃት ፈጠሩ። በየካቲት ወር በፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን አበባ ይሸጣሉ። ኢትዮጵያ ጽጌረዳዋን ወደ ኔዘርላንድስ የምትልክ አገር ናት፤ ለአንድ ቀን ጥቂቱ እዚሁ ቢሸጥ ምን ይላል? ትርፉ ለተቸገሩ ሴት ተማሪዎች ይውላል። «የፈረንጅ በዓል» ብሎ የሚያጉረመርም አልጠፋም። ጉርምርምታው ግን የ1960ውን እንቁላል ያስታውሳል። ልጆቹ ለበዓሉ ሳይሆን ከበዓሉ ለሚገኘው ገንዘብ ነበር የቆሙት።

በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ውስጥ ታፍና በቡድን ተደፍራ ሕይወቷ ሲያልፍ፣ «ፍትሕ ለሐና» ብለው ከጮኹት ቀዳሚዎቹ መካከል ነበሩ። ያኔ አገልግሎትና ድምፅ ሁለት ማኅበር እንደማያስፈልጋቸው ታየ። ለዓመታት ፓድ ሲያድሉ የቆዩ ልጆች በጮኹ ጊዜ ግቢው ያውቃቸው ስለነበር ሰማቸው። ንቅናቄው ከአዲስ አበባ ወጥቶ እስከ መቀሌ ዩኒቨርሲቲም ተሻግሯል።

ለምን ሊኖር ቻለ? አዋጁ ያነጣጠረው በተመዘገቡና በውጭ ገንዘብ በሚንቀሳቀሱ ድርጅቶች ላይ ነበር። በሕግ ትምህርት ቤት ጥላ ሥር ያለች ጠረጴዛ፣ በአበባ ሽያጭ የምትተዳደር ጠረጴዛ፣ ሒሳብ ታግዶባት አትዘጋም። ድህነቷ ጠበቃት ማለት ይቻላል። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተሽሯል፤ የጠረጴዛዋ ትምህርት ግን ቀርቷል።

ጉድለትም ነበረባት። ተማሪ ይመረቃል። የሕግ ትምህርት አምስት ዓመት ነው፤ መሥራቾቹ ሲወጡ ሸክሙ ወደ ታናናሾቹ ይወርዳል። አንድ ዓመት ጠንካራ ልጆች ይመጣሉ፣ ሌላ ዓመት ይሳሳል። የሃዋርድ ሴቶች ይህን ቀድመው አስበውበት ነበር። አልፋ ካፓ አልፋ በ1913 በሕግ ተመዝግቦ ቋሚ ሰውነት አገኘ፣ ቀጥሎም የተመራቂዎች ቅርንጫፍ ዘረጋ። አባልነት ከምረቃ ጋር አያበቃም፤ የ60 ዓመት ዳኛና የ20 ዓመት ተማሪ እኩል «እኅቴ» ይባባላሉ። የእኛ ማኅበራት የሚሰበሩት እዚህ ላይ ነው። ጋዎኑ ሲወልቅ እኅትማማችነቱም አብሮ ይወልቃል።

የዲላ ጉዳይ

ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ነው። በኋላ ሐዋሳ ላይ ማዕከሉን ባደረገው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ፤ በ2006 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እንግዲህ አመጣጡ ራሱ አገልግሎት ነው፦ መምህርና የጤና ባለሙያ ማውጣት። ዛሬ የሕግ ትምህርት ቤትም፣ ሪፈራል ሆስፒታልም አለው።

ከግቢው አጥር ውጭ ያለው አገር ደግሞ ተራ አገር አይደለም። ጌዴኦ እንሰትን፣ ቡናንና ዛፍን በአንድ ማሳ ላይ አዋሕዶ፣ በአንዳንድ ቦታ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ1000 በላይ ሰው የሚያኖር ሕዝብ ነው። ይህ ጥበብ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የይርጋጨፌን ቡና ዓለም ያውቀዋል። ግን ያን እንሰት የሚፍቀው ማን ነው? የሴት እጅ ነው። ቡናውን በየመጋዘኑ ቁጭ ብሎ የሚለቅመውስ? አሁንም የሴት እጅ።

በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ይህች ምድር የማይረሳ ነገር አየች። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ከ800 ሺህ በላይ ተፈናቃይ በጌዴኦ ዞን ተጠለለ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 850 ሺህ ገደማ ነበር፤ ለአንድ ነዋሪ አንድ ተፈናቃይ ማለት ይቀርባል። ትምህርት ቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያኖች፣ ያላለቁ ሕንፃዎች ሰው ሞላባቸው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት የጌዴብ ወረዳዋ ጎቲቲ የረኃብ ፎቶግራፍ አገር አስለቀሰ። በዚያ ጊዜ እህል ያስፈልግ ነበር፣ ድንኳን ያስፈልግ ነበር። ከእህሉ ዝርዝር በታች የሚረሳ ሌላ ዝርዝርም ነበር፦ በአንድ ክፍል በመቶ ሰው መካከል የወር አበባዋ የመጣባት ልጅ፣ ሽንት ቤት በጨለማ ለመሄድ የምትፈራ እናት፣ በዱር የወለደች ሴት።

እንዲህ ያለው ነገር ሲመጣ በሩ ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲ ምን ዓይነት እጅ ያስፈልገዋል? ያን ጊዜ የሚቋቋም ኮሚቴ አይበቃም። ቀድሞ የተደራጀ፣ እርስ በርሱ የሚተማመን፣ ጌዴኦኛም ኦሮምኛም አማርኛም የሚናገር የሴቶች ኅብረት ያስፈልጋል። አንዲት የጌዴኦ ልጅና አንዲት የጉጂ ልጅ በአንድ ዶርም ተኝተው፣ በአንድ ጠረጴዛ አገልግለው ከሆነ፣ ወሬ ሲናፈስ መጀመሪያ የሚደዋወሉት እነሱ ናቸው። የትኛውም የሰላም ኮንፈረንስ ይህን አይተካም።

ይህ ከውጭ የመጣ አሳብ ነው የሚል ሰው ዙሪያውን ይመልከት። በሰሜን በኩል ጎረቤቱ ሲዳማ «ያካ» አለው፤ ሴቶች በመሪያቸው በ«ቃሪቴ» እየተመሩ፣ «ሲቆ» የተባለውን ዘንግ ይዘው፣ ሚስቱን የበደለ ባል ደጃፍ ላይ ይሰለፋሉ። ካሳ ሳይከፍል አይመለሱም። በጉጂ ኦሮሞ ዘንድ «ሲንቄ» አለ፤ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉ ወንዶች መካከል ሲገቡ ጠብ ይቆማል። እነዚህ ሴቶች ሶሮሪቲ የሚለውን ቃል ሰምተው አያውቁም። ያላቸው ነገር ግን ከሶሮሪቲ ይበልጣል፤ ወንዱ የሚፈራው ሥልጣን ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጃቸው ግን ግቢው በር ላይ ስትደርስ ይህን ሁሉ አውልቃ ብቻዋን ትገባለች። ለምን?

«የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤት አለ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በየዩኒቨርሲቲው አለ፣ ጥቅምም አለው። ጽሕፈት ቤት ግን 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። በጀቱ ከላይ ይመጣል፣ ኃላፊው ከላይ ይሾማል። የ1927ቱና የ1972ቱ ታሪክ እዚህ ላይ ይመለሳል፦ ከላይ የተሰጠ ነገር ከላይ ይወሰዳል። በደል ያደረሰው ሰው የተቋሙ ባልደረባ በሆነ ቀን ደግሞ ተበዳይዋ ወደ ተቋሙ ቢሮ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ታስባለች። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የምታንኳኳው የእኅቷን ዶርም ነው።

ሌላውም ክርክር ይታወቃል፦ «ፓድ ማደል መዋቅሩን አይለውጥም»። አዎ፣ ብቻውን አይለውጥም። መቀሌ ላይ ታጥቦ በድጋሚ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ ፋብሪካ ያቋቋመችውና በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና የተባለችው ፍሬወይኒ መብራህቱ ግን ምርቱን ብቻ ሸጣ አልተቀመጠችም። የወር አበባ የሚያሳፍር ነገር አለመሆኑን ለወንድ ተማሪዎችም ጭምር አስተምራለች። ፓዱ በር ይከፍታል፤ ውይይቱ በዚያ በር ይገባል። በሩን ሳይከፍቱ ስለ መዋቅር ንግግር ማድረግ ባዶ አዳራሽ ውስጥ መናገር ነው።

ታዲያ ዲላ ላይ ምን ይጠበቃል? ብዙ አይደለም። መናኸሪያው ላይ በምልመላ ሰሞን «ለማንኛዋም ሴት ተማሪ» የሚል ጽሑፍ ይዘው የሚቆሙ ልጆች። ኦዳያ ግቢ ውስጥ በሳምንት አንድ ቀን የምትወጣ ጠረጴዛ። ማንም ሳይታይ የሚወስድባት የፓድ ሣጥን። ከሕግ ትምህርት ቤቱ አንድ ሁለት ልጆች፣ ከጤናው አንድ ሁለት፣ ከቋንቋው አንድ ሁለት። የአገሩ አበባ ቡና ነው፤ በዓመት አንድ ቀን ቡና ተፈልቶ ቢሸጥ ገንዘቡ ከጽጌረዳ አያንስም። ከሁሉ በላይ ግን መዝገብ፦ የተመረቀችው ሁሉ ስሟና ስልኳ የሚጻፍበት። ከዲላ የወጡ መምህራንና ነርሶች በደቡብ በየወረዳው ተበትነው ይገኛሉ። እያንዳንዷ ከደመወዟ በወር የአንድ ልጅ ፓድ ብትከፍል፣ ግቢው ውስጥ በዚህ ምክንያት ክፍል የምትቀር ልጅ አትኖርም።

እድርን የፈጠረ ሕዝብ ይህ አይከብደውም። ለሟች የሚያዋጣ፣ ለቀብር ድንኳን የሚተክል፣ ቀሪውን በቅጣት የሚያስመጣ ማኅበር ለዘመናት አቆይተናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውም ይኸው ሕዝብ ነው። ለሞተችው ተዋጥቶ ድንኳን የሚተከል ከሆነ፣ በሕይወት ላለችውና ትምህርቷን ልታቋርጥ ለደረሰችው ጠረጴዛ መዘርጋት ለምን ከበደ?

በሚቀጥለው መስከረም አውቶቡሱ እንደገና ዲላ ይገባል። ሻንጣ ይወርዳል፣ ብርድ ልብስ ይወርዳል። ከበሩ ላይ ቆማ ወዴት እንደምትሄድ ግራ የገባት ልጅ ትኖራለች። ከተቀባዮቹ መካከል ስሟን፣ አገሯንና ሃይማኖቷን ሳትጠይቅ ሻንጣዋን የምታነሣላት አንዲት እኅት ከተገኘች፣ ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው።